ከምርት አንጻር ያነሰ፣ ለመክፈል ግን የከበደ፤ የማዕከላዊ መንግሥት ዕዳ ከትናንት እስከ ዛሬ

መምህር ዘአዳማ | ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

ስለ መንግሥት ዕዳ ለማስተማር ስዘጋጅ ሁለት እውነታዎች አልታረቅ ብለውኛል። የመንግሥትና የልማት ድርጅቶቹ ዕዳ ከአጠቃላይ የሀገር ውስጥ ምርት ጋር ሲነጻጸር በ2010 ዓ.ም. 60 በመቶ አካባቢ ነበር፤ በ2016 ማብቂያ ግን ከ40 በመቶ በታች ወርዷል። በመማሪያ መጻሕፍት ሚዛን ይህ የጤንነት ምልክት ነው። ሆኖም ይኸው ድርሻ ሲወርድ በነበረበት በ2016 ዓ.ም.፣ ታኅሣሥ 1 ቀን መከፈል የነበረበት 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የዩሮ ቦንድ (መንግሥት ለውጭ ባለሀብቶች በዶላር የሸጠው የብድር ሰነድ) ወለድ ሳይከፈል ቀረ፤ ተጨማሪው የሁለት ሳምንት ጊዜም አለፈ፤ ኢትዮጵያም ከዛምቢያና ከጋና ቀጥሎ ግዴታቸውን በወቅቱ ካልተወጡ አገሮች ተርታ ተሰለፈች።

ዕዳው እየቀለለ ከነበረ ለምን አልተከፈለም? እየከበደ ከነበረስ መቶኛው ለምን ወረደ? ደግሞም እኛ አዳማ ላይ በየቀኑ የምናያቸው የፍጥነት መንገዱ፣ የባቡር ሐዲዱና የነፋስ ማመንጫዎቹ በብድር የተሠሩ ናቸው። እነዚህ በማዕከላዊ መንግሥት መዝገብ ላይ ናቸው ወይስ በሌላ? ታሪኩን ከሥሩ የሚያውቅ ቢያስረዳኝ እወዳለሁ።

ጡረተኛው በጀተኛ | ኅዳር 3

መምህር፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከ2010 ቢጀመር ጎዶሎ ይሆናል።

ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተበደረችው በ1943 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለአውራ ጎዳና 5 ሚሊዮን፣ ለልማት ባንክ ደግሞ 2 ሚሊዮን ዶላር የሰጠው ይህ ስምምነት ባንኩ ለአፍሪካ ያበደረበት የመጀመሪያው ነበር። በዘውዱ ዘመን አበዳሪዎቹ ጥቂት፣ ዕዳውም መጠነኛ ሆኖ ቆየ። በደርግ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። ከሶቪየት ኅብረት የተገዛው የጦር መሣሪያ የወለደው ዕዳ ከሌላው ብድር ሁሉ ገዝፎ ሳለ፣ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ተቸንክሮ ስለነበር በብር መዝገብ ላይ የሚታየው ቁጥር ከእውነተኛው ክብደት እጅግ ያነሰ ነበር። በ1985 ዓ.ም. ምንዛሪው ወደ 5 ብር ከፍ ሲል፣ አንድም አዲስ ዶላር ሳይበደር የውጭ ዕዳው በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት በሐምሌ 2016 የሆነውም በባሕርይው ከዚህ የተለየ አይደለም።

የሶቪየቱን ዕዳ የወረሰችው ሩሲያ አብዛኛውን ሰርዛለች። ቀጥሎ ኢትዮጵያ በኅዳር 1994 በዕዳ የተጨናነቁ ድሃ አገሮች በሚስተናገዱበት ዕቅድ ውስጥ ገብታ በሚያዝያ 1996 ማጠናቀቂያው ላይ ደረሰች። ከዚያም የዓለም ባንክ፣ የዓለም የገንዘብ ድርጅትና የአፍሪካ ልማት ባንክ የየራሳቸውን ብድር ሲሰርዙ፣ ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ተጠግቶ የነበረው የውጭ ዕዳ በ1998 እና በ1999 መካከል ከ3 ቢሊዮን በታች ወረደ። ዝቅተኛው ነጥብ ይህ ነው። በ2010 ዓ.ም. ግን የውጭ ዕዳው 26 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ደርሷል፤ በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ዐሥር እጥፍ ገደማ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጋዜጦች «የመንግሥት ዕዳ» ብለው የሚጽፉት ብዙ ጊዜ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ጨፍልቆ ነው። የመጀመሪያው ማዕከላዊው መንግሥት ራሱ የተበደረው ነው፤ ይህም በአብዛኛው ከዓለም ባንክና ከአፍሪካ ልማት ባንክ የሚገኝ፣ ወለዱ ከአንድ በመቶ የማይበልጥ፣ የመክፈያ ዘመኑም እስከ 38 ዓመት የሚዘልቅ ነው። ሁለተኛው የልማት ድርጅቶች በመንግሥት ዋስትና የተበደሩት ሲሆን፣ የባቡሩ፣ የስኳሩና የኤሌክትሪኩ ዕዳ እዚህ ይገባል። ሦስተኛው ያለ ዋስትና የተወሰደ ነው፤ አየር መንገዱና ቴሌኮሙ የተበደሩት ይህን ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር በሦስት በሦስት ወር የሚያወጣው የዕዳ መግለጫ ሦስቱንም ለይቶ ያሳያል። ዐሥር እጥፍ ያደገው ዕዳ ፈታኝ የሆነው የመጀመሪያው ክፍል ስላበጠ ብቻ ሳይሆን፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው በንግድ ወለድና በአጭር የመክፈያ ጊዜ ስለተወሰዱ ነው።

ሞጆ ትራንዚት | ኅዳር 4

ለጋሼ ማብራሪያ ምስጋናዬ ይድረስ። የእኔ ጥያቄ አንድ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ የሚወስደው መንገድ የክፍያ መንገድ ነው፤ መኪኖቻችን በየቀኑ ይከፍላሉ። ታዲያ መንገዱ ዕዳውን ራሱ አይከፍልም?

ጡረተኛው በጀተኛ | ኅዳር 4

ወንድሜ፣ የሚከፈለው ብር ነው፤ ዕዳው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው። ልዩነቱ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

የፍጥነት መንገዱ በ2006 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ 612 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩን፣ ማለትም 350 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ያበደረው የቻይናው ኤክዚም ባንክ፣ የመንግሥቱ የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ፣ ነው። የመንገድ ሥራ በበጀት የሚተዳደር ስለሆነ ይህ ዕዳ የማዕከላዊ መንግሥት ነው። ዶላር 19 ብር ከግማሽ አካባቢ በነበረበት በዚያ ዓመት 350 ሚሊዮን ዶላር ከ7 ቢሊዮን ብር በታች ነበር። ምንም ሳይከፈልበት እንደነበረ ቢቆይ ኖሮ ዶላር 57 ብር ሲሆን ወደ 20 ቢሊዮን፣ ዛሬ ባለው ምንዛሪ ደግሞ ከ45 ቢሊዮን ብር በላይ ይሆን ነበር። የመንገዱ ክፍያ በዚያው ልክ ከፍ ቢል እርስዎና ባልደረቦችዎ አሮጌውን መንገድ ትመርጡ እንደነበር አልጠራጠርም።

መንገዱ አይጠቅምም አላልኩም። ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው ጭነት የሚያልፍበት ነውና ይጠቅማል። ነገር ግን የሚያስገኘው ጥቅም በነዳጅ ቁጠባና በጊዜ ስለሆነ ወደ ግምጃ ቤቱ ዶላር ሆኖ አይገባም። የነፋስ ማመንጫውም እንዲሁ ነው፤ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውና ወጪው 345 ሚሊዮን ዶላር የነበረው ሁለተኛው የአዳማ ጣቢያ 85 በመቶው በኤክዚም ባንክ ብድር ተሠርቶ ኃይሉ የሚሸጠው ለሀገር ውስጥ ተጠቃሚ በብር ነው። ባቡሩ ደግሞ የልማት ድርጅት ዕዳ ሆኖ በመንግሥት ዋስትና የተያዘ ነበር። መደበኛ አገልግሎት በጀመረ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ማብቂያ፣ የዐሥር ዓመቱ የመክፈያ ጊዜ ወደ ሠላሳ ዓመት እንዲራዘም ከቻይና ጋር ስምምነት መደረሱን ጠቅላይ ሚኒስትሩ አስታውቀዋል። ሽግሽጉ የተጀመረው የዩሮ ቦንዱ ነገር ከመነሳቱ ከአምስት ዓመት በፊት መሆኑ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ሰነድ መርማሪ | ኅዳር 4

እኔ በባንክ የምሠራ እንደመሆኔ፣ ውይይቱ በውጭ ዕዳ ላይ ብቻ መቆሙ መምህር ያነሱትን እንቆቅልሽ አይፈታውም ብዬ አምናለሁ። ከ2010 ወዲህ የውጭ ዕዳው በዶላር ሲለካ ብዙም አልተነቃነቀም፤ ያኔ 26 ቢሊዮን ነበር፣ በ2016 ማብቂያ ደግሞ 28 ቢሊዮን አካባቢ ነው። ያደገው የሀገር ውስጡ ነው። መቶኛውን ያወረደውም የሀገር ውስጡ ዕዳ የተያዘበት ሁኔታ ነው።

መንግሥት ከሀገር ውስጥ የሚበደርባቸው መንገዶች በርካታ ናቸው። ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ይበደራል፤ ለዚህም የሚከፍለው ወለድ ለረጅም ጊዜ እጅግ ዝቅተኛ ነበር። ከሚያዝያ 2003 ጀምሮ ደግሞ የግል ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 27 በመቶ የሚሆነውን ለብሔራዊ ባንክ ሰነድ ግዢ እንዲያውሉ ተገደዱ፤ ሰነዱ አምስት ዓመት የሚቆይ ሲሆን ወለዱ 3 በመቶ ነበር። ባንኮቹ ለአስቀማጭ 5 በመቶ እየከፈሉ በ3 በመቶ ማበደራቸው በምን ስሌት እንደሚያዋጣ በዘመኑ የነበርን እናስታውሳለን፤ አያዋጣም ነበር፤ ኪሳራው ወደ ሌላው ተበዳሪ ይዞር ነበር። ግዴታው በ2012 ዓ.ም. ሲነሳ፣ መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድም በዚያው ዓመት በጨረታ ዋጋ መሸጥ ጀመረ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያው የሚጠይቀውን ወለድ ሰማ። ሆኖም በኅዳር 2015 ባንኮች ከአዲስ ብድራቸው 20 በመቶውን የአምስት ዓመት የግምጃ ቤት ቦንድ እንዲገዙበት ዳግም ታዘዙ።

አሁን ወደ እንቆቅልሹ እንመለስ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። የሀገሪቱ ምርት በገበያ ዋጋ ስለሚሰላ ንረቱ ሲያብጥ አብሮ ያብጣል። በብር የተያዘውና በ3 ወይም በ9 በመቶ ወለድ የሚሄደው ዕዳ ግን አይከተለውም። ይፋዊው ምንዛሪም ንረቱን ባለመከተሉ የውጭ ዕዳው በብር ሲቀየር አንሶ ታየ። ስለዚህ በክፍልፋዩ ከላይ ያለው ዕዳ አነሰ፣ ከታች ያለው ምርት አበጠ፣ መቶኛው ወረደ። ልዩነቱን የከፈለው ማን ነው? በ7 በመቶ ወለድ ገንዘቡን ባንክ ያስቀመጠው ሰው ነው። ይህ በየትኛውም የበጀት ዐዋጅ ላይ ያልሰፈረ ግብር ነው፤ አዳማ ውስጥ ለልጁ ትምህርት ብሎ ሲቆጥብ የኖረ የመንግሥት ሠራተኛ ከባለሀብቱ የበለጠ ከፍሎታል፤ ባለሀብቱማ ቀድሞ ቤትና ቦታ ገዝቷል።

ፍራንኮ ሰፈር | ኅዳር 5

ከሰነድ መርማሪ ጋር በአንድ ነጥብ አልስማማም። የንረቱን ድርሻ አልክድም፤ ነገር ግን የመቶኛው መውረድ ሁሉ የቁጥር ጨዋታ እንደሆነ ተደርጎ መቅረቡ ትክክል አይመስለኝም። የዓለም የገንዘብ ድርጅት በጥር 2010 የሀገሪቱን የዕዳ ጫና ከመካከለኛ ወደ ከፍተኛ ስጋት ካሸጋገረው በኋላ መንግሥት በንግድ ወለድ የሚሰጥ የውጭ ብድር መውሰድ ማቆሙ እውነተኛ የፖሊሲ ውሳኔ ነው። የውጭ ዕዳው በስድስት ዓመት ውስጥ 2 ቢሊዮን ብቻ መጨመሩ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም።

ደግሞም የ33 ሚሊዮኑን ዶላር ጉዳይ «መክፈል አቃተ» ብሎ ማለፍ አይቻልም። አገር ለነዳጅ በዓመት የሚያወጣው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የገንዘብ ሚኒስቴር ያኔ የሰጠው ምክንያት አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ዓይን ለማየት የሚል ነበር፤ ከአንድ ወር በፊት፣ በኅዳር 2016፣ አበዳሪ መንግሥታት የክፍያ እፎይታ ሰጥተው ሳለ ለቦንድ ባለቤቶች ብቻ መክፈል ድርድሩን ያበላሽ ነበር።

ሰነድ መርማሪ | ኅዳር 5

ስለ ፖሊሲው ውሳኔ የተናገሩት ትክክል ነው፤ የዶላሩ መጠን የቆመው በዚያ ምክንያት መሆኑንም እቀበላለሁ። ነገር ግን በውጭ መበደር ሲቆም የበጀት ጉድለቱ አልቆመም። በጦርነቱ ዓመታትማ ይበልጥ ሰፋ፤ ጉድለቱም ወደ ሀገር ውስጥ ዞረ። የእርስዎና የእኔ ነጥብ የሚጋጩ ሳይሆኑ አንዱ የሌላው ምክንያት ናቸው።

ወለዱን በተመለከተ፣ ሚኒስቴሩ የሰጠው ምክንያት እውነት ነው፤ ሆኖም ምክንያቱ ራሱ ከጥር 2013 ጀምሮ አበዳሪ መንግሥታት የድሃ አገሮችን ዕዳ በጋራ በሚያዩበት በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ ሽግሽግ ለመጠየቅ ከተገደድንበት ሁኔታ የተነሳ ነው። ከባዱ 33 ሚሊዮኑም አልነበረም። ቦንዱ በታኅሣሥ 2007 በ6.625 በመቶ ወለድ ሲሸጥ፣ ዋናው ገንዘብ፣ 1 ቢሊዮን ዶላር ሙሉ፣ በታኅሣሥ 2017 በአንድ ቀን እንዲከፈል ነበር ውሉ። ያን ጊዜ 20 ቢሊዮን ብር የነበረው ዕዳ በመክፈያው ቀን ከ120 ቢሊዮን ብር በላይ ሆኖ ነበር። ገንዘቡ ለስኳር ፋብሪካዎች፣ ለኃይል ማስተላለፊያና ለኢንዱስትሪ ፓርኮች እንዲውል ነበር የታሰበው። ፓርኮቹ ዶላር ያስገኛሉ ተብሎ የነበረው ተስፋም ቢሆን አሜሪካ ከጥር 2022፣ በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 2014 ማብቂያ ጀምሮ፣ ኢትዮጵያን ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ስታስወጣ ተጎድቷል። ስኳሩንስ ባይጠሩት ይሻላል።

የወንጂ ልጅ | ኅዳር 6

ስኳሩ ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የወንጂ ሸዋ ማስፋፊያ፣ ከፊንጫና ከተንዳሆ ጋር፣ ሕንድ በኤክዚም ባንኳ በኩል በፈቀደችው 640 ሚሊዮን ዶላር ብድር የታቀፈ ነበር። የኦሞ ኩራዝ ፋብሪካዎች ደግሞ በቻይና ብድር ተጀመሩ። ዕቅዱ ስኳር ወደ ውጭ ልከን ዕዳውን በዶላር እንድንከፍል ነበር። እስከ ዛሬ ስኳር የምናስገባ አገር ነን። ዕዳው ግን በቀጠሮው መጣ።

አሁን መምህር የጠየቁት የመዝገብ ጉዳይ ላይ ልድረስ፤ ይህን ብዙ ሰው አላስተዋለውምና። የስኳር፣ የባቡርና የሌሎች ድርጅቶች ዕዳ በ2013 ዓ.ም. ለተቋቋመው የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተላለፈ። ኮርፖሬሽኑ ከፋብሪካዎቹ የተሻለ ገቢ ስለሌለው ዕዳው በእርግጥ ወደ ማን እንደሚሄድ ግልጽ ነበር። አብዛኛው የሀገር ውስጥ ብድር የተወሰደው ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው። ባንኩ ያልተመለሰ ብድር ተሸክሞ መቀጠል ስላልቻለ፣ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መንግሥት እስከ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ ቦንድ ለባንኩ እንዲሰጥ የሚፈቅድ ዐዋጅ አጸደቀ። ይኸውም ትናንት የልማት ድርጅት ዕዳ ይባል የነበረው ዛሬ የማዕከላዊ መንግሥት ዕዳ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ የማዕከላዊውን መንግሥት ዕዳ ብቻ ለይቶ በሥዕላዊ መግለጫ የሚያሳይ ሰው በ2017 ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣ መስመር ያገኛል፤ መንግሥትም በዚያ ዓመት ያለ ልክ የተበደረ ይመስለዋል። ገንዘቡ ግን ያለቀው ከዐሥር ዓመት በፊት በአገዳ እርሻና በብረታ ብረት ላይ ነው። በተቃራኒውም በ2004 ወይም በ2005 የነበረውን ዝቅተኛ ቁጥር አይቶ መንግሥት በቁጠባ ይኖር ነበር የሚል ይሳሳታል፤ ያኔ ዕዳው በሌላ ስም ተቀምጦ ነበር።

መምህር ዘአዳማ | ኅዳር 6

እጅግ አመሰግናለሁ፤ የወንጂ ልጅ ያስረዱት ለተማሪዎቼ ከመጽሐፉ የበለጠ ይጠቅማል። የቀረኝ ጥያቄ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ያለው ነው። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የዕዳው ድርሻ እንደገና ወጥቷል። ሽግሽጉ ይህን ምን ያህል ያካክሰዋል?

ጡረተኛው በጀተኛ | ኅዳር 7

ሽግሽጉ ሁሉንም ዕዳ አይነካም። ይህን በቅርባችን ባለ ምሳሌ ላሳይዎ። ከሞጆ ሐዋሳ የሚዘልቀው የፍጥነት መንገድ በአራት ክፍል ተከፍሎ አራት አበዳሪ አለው፤ ከሞጆ እስከ መቂ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ከመቂ እስከ ዝዋይ የኮሪያ ኤክዚም ባንክ፣ ከዝዋይ እስከ አርሲ ነገሌ የዓለም ባንክ፣ ከዚያ እስከ ሐዋሳ የቻይና ኤክዚም ባንክ። መንገዱ አንድ ነው፤ ለሾፌሩም ልዩነቱ አይታወቀውም። በድርድር ጠረጴዛ ላይ ግን የአፍሪካ ልማት ባንክና የዓለም ባንክ ዕዳ አይሸጋሸግም፣ በወቅቱ ይከፈላል፤ የሚሸጋሸገው የመንግሥታትና የመንግሥት ባንኮች ብድር ነው።

ቻይናና ፈረንሳይ በጋራ የሚመሩት የአበዳሪዎች ኮሚቴ በመጋቢት 2017 ከ8.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሚሆን ዕዳ ላይ በመርሕ ደረጃ ተስማምቷል፤ በሰኔ ወርም የመግባቢያ ሰነዱ ተፈርሟል። ከዚህ የሚገኘው እፎይታ እስከ 2028፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚሆን ተገልጿል። ይህ ዋናው ዕዳ መሰረዙ አይደለም፤ በአብዛኛው የመክፈያ ቀኑ መራቁ ነው። ከቦንድ ባለቤቶች ጋር የነበረው ድርድር እስከ ኅዳር 2018 ድረስ አላለቀም ነበር፤ እነሱ የሀገሪቱ ችግር የጊዜያዊ ገንዘብ እጥረት ነው እንጂ ዕዳውን ለመሸከም አለመቻል አይደለም ይሉ ስለነበር ከዋናው እንዲቀነስባቸው አይፈልጉም ነበር።

በሌላ በኩል አዲስ ብድርም ገብቷል። የዓለም የገንዘብ ድርጅት በሐምሌ 2016 የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ፕሮግራም አጽድቋል፤ የዓለም ባንክም በማግስቱ 1.5 ቢሊዮን ፈቅዷል፤ ከዚህ ውስጥ 1 ቢሊዮኑ ልገሳ ስለሆነ በዕዳ አይቆጠርም። ስለዚህ በመጪዎቹ ዓመታት አበዳሪው ይለወጣል፤ መጠኑ ይቀንሳል ብዬ ግን አልጠብቅም።

ሞጆ ትራንዚት | ኅዳር 7

ታዲያ ከምርት ጋር ማነጻጸሩ የማያስተማምን ከሆነ እኛ ተራ ሰዎች የትኛውን ቁጥር እንከታተል?

ሰነድ መርማሪ | ኅዳር 8

ሁለት ቁጥሮችን። ለውጭ ዕዳ ከወጪ ንግድ ገቢ ጋር፣ ለሀገር ውስጥ ዕዳ ከግብር ገቢ ጋር ያነጻጽሩ፤ ምርት ዕዳ አይከፍልም፤ የሚከፈለው ከዶላር ገቢና ከግብር ነው።

የሸቀጥ ወጪ ንግዳችን ዕዳው ዐሥር እጥፍ ባደገበት ዘመን ማብቂያ ለዓመታት በ3 ቢሊዮን ዶላር ዙሪያ ረግቶ ነበር፤ አደጋው ከዚያ ጀምሮ ይታይ ነበር። ግብሩ ደግሞ ከዐሥር ዓመት በፊት ከምርቱ 12 በመቶ ገደማ የነበረው በ2016 ወደ 7 በመቶ ወርዷል። ስለዚህ መቶኛው ከ60 ወደ 40 ሲወርድ የመክፈያው አቅምም አብሮ ወርዷል፤ ከገቢ አንጻር ሲታይ ዕዳው አልቀለለም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ከብዷል።

ፍራንኮ ሰፈር | ኅዳር 8

በ2017 በጀት ዓመት ግን የወጪ ንግዱ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ መድረሱን አይዘንጉ። ይህም የምንዛሪው ለውጥ ያመጣው ነው።

የወንጂ ልጅ | ኅዳር 8

ትልቁን ድርሻ የያዘው ወርቅ ነው። በይፋዊና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ልዩነት ሲጠብ በኮንትሮባንድ ይወጣ የነበረው ወደ ብሔራዊ ባንክ መጣ፤ የዓለም ዋጋውም በዚያው ሰሞን ከፍ አለ። የመጀመሪያው ምክንያት የፖሊሲ ነውና ይቆያል እንበል፤ ሁለተኛው በእጃችን አይደለም። የሽግሽጉ ክፍያ ሲጀምር የወርቅ ዋጋ የት እንደሚሆን ማንም ውል አልፈረመልንም። ስኳሩም ሲታቀድ የዓለም ዋጋው ጥሩ ነበር።